መልስ፦ የቀን መቀየሪያው በአንድ ቀን ለምን ይሳሳታል?

ሰላም ወንድሜ። የዕድር መዋጮ መመዝገቢያ መተግበሪያህ በ2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን የሚስተው መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ስላደረግኸው ነው። በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር፣ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። 2015 እንዲያ ስለነበር 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው።

ከፈረንጁ ዓመት 7 ወይም 8 መቀነሱን ተወው። የኛንም የፈረንጁንም አቆጣጠር ወደ ጁሊያን የቀን ቁጥር (ያለ ወርና ዓመት ቀናትን በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር) ቀይርና ከዚያ መልስ፤ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1724221 ነው፣ የቀረው መደመር ነው። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ኢንትል (Intl) የተባለው የጃቫስክሪፕት አብሮ ገነብ መሣሪያ የኛን አቆጣጠር ያውቀዋል፤ ለማረጋገጫም ይጠቅምሃል።

«ለምን በፈረንጅ ቀን ብቻ አልሠራውም?» ላልከው፣ እባክህ አታድርገው። ወር በገባ በ12 የሚሰበሰቡ እናቶች ለስልኩ ሲሉ የቀን መቁጠሪያቸውን ሊለውጡ አይገባም። ስሌቱን ማሽኑ ይሸከም። ሰዓቱንም አትርሳ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ 9 ሰዓት ተብሎ ከታየ፣ ሰዉ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።