ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ሳሎን ሳይረገጥ

ልትሠራው ያሰብከውን ባለ 3 መኝታ ቤት ፕላን አየሁት። ሳሎኑን አትንካው። መዛወር ያለበት መታጠቢያ ቤቱ ነው። ፕላንህ ላይ ከሳሎኑ ማዶ ስላስቀመጥከው፣ ከ3ቱም መኝታ ቤቶች የሚወጣ ሰው ፎጣ አገልድሞ በእንግዳ ፊት ማለፍ ግድ ይሆንበታል።

1. መታጠቢያ ቤቱን ከኩሽናው ጋር ጀርባ ለጀርባ አድርገው። ውሃውም ፍሳሹም በአንድ ግድግዳ ይሄዳል። ወጪ ይቀንሳል፤ ቧንቧ ሲበላሽም የት እንደሚፈለግ ይታወቃል።

2. በሩን ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ መኝታ ቤቶቹ ኮሪደር አዙረው።

ኮሪደር ቦታ ይበላብኛል ያልከው እውነት ነው፤ ግን የሚበላው ሲረዝም ነው። የመኝታ ቤቶቹን በሮች በሰልፍ አትደርድራቸው፤ አንድ ጫፍ ላይ ሰብስባቸው። ስፋቱ ከ1 ሜትር አይነስ። 1.20 ከሆነ ቁምሳጥን ያለ ትግል ያልፋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባዶ ክፍል ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። ብዙ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ፤ ጉዱ የሚታየው ዕቃ ሲገባ ነው። በሩ ሲከፈት የአልጋው ጠርዝ ላይ ያርፋል። የቁምሳጥኑ በር እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ ይቀራል።

ስለዚህ መሠረት ሳይቆፈር አልጋውን፣ ቁምሳጥኑንና ሶፋውን በልካቸው ፕላኑ ላይ ሣላቸው፤ በሮቹንም ተከፍተው ሣላቸው። ከአልጋው ጎን 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልተረፈ አንሶላ ማንጠፍ ራሱ ፈተና ነው። ከዚያ መሬቱ ላይ በኖራ አስምርና ቤተሰቡ በሙሉ እየተዘዋወረ ይየው፤ በተለይ ኩሽና ውስጥ ብዙ የሚውለው ሰው።