ጊቭንን ላንብበው ወይስ ልለፈው

ጊቭን በሙዚቃ ባንድ ውስጥ ያሉ ወንዶችን የእርስ በርስ ፍቅር የሚተርክ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ነው፤ ጥሩና ደካማ ጎኑ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አንብቢው ነው የምልሽ። የናትሱኪ ኪዙ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2023 በ9 ቅጽ አልቋል።

ትልቁ ጥንካሬው ሐዘንን የያዘበት መንገድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማፉዩ ክሩ የተበጠሰ ጊታር ታቅፎ ይዞራል። ጊታሩ የሞተው ፍቅረኛው የዩኪ ነበር። የባንዱ ጊታሪስት ኡዬኖያማ ክሩን ጠግኖለት መጫወት ሲያስተምረው፣ ፍቅራቸው ቀስ እያለ ይመጣል። ታሪኩ ማፉዩን ቶሎ አያናግረውም፣ ቶሎም አያስለቅሰውም። ያ ሁሉ የታመቀ ነገር በመጀመሪያው ኮንሰርት ላይ በዘፈን ሲወጣ አንጀት ይበላል። ማንጋ ድምፅ የለውም፤ ፊቶቹን ብቻ አይተሽ ግን የምትሰሚው ይመስልሻል።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። ከባንዱ አባላት አንዱ አኪሂኮ ሌላውን አባል ሃሩኪን ለወሲብ ሊያስገድደው የሚሞክርበት ትዕይንት አለ። ከባድ ነው። እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትኩረቱ ወደ አኪሂኮ የድሮ ፍቅረኛ ወደ ኡጌትሱ ይዞራል፤ የሃሩኪ ጉዳት በቂ ቦታ አላገኘም። ማስገደድን እንደ ፍቅር ግለት ማለፍ የዚህ ዘውግ (የወንዶች የእርስ በርስ ፍቅር ታሪኮች) የቆየ ችግር ነው፣ ከእንዲህ ዓይነት ጥሩ ሥራ አልጠበቅኩትም። ሴት ገጸ ባሕርያቱም ስስ ናቸው።

ከማንጋው የተሠራው የ2019ኙ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) 11 ክፍል ነው፣ የሃሩኪና የአኪሂኮ ታሪክ በ2020ው ፊልም ይቀጥላል። አኒሜውን ብታዪም ማንጋውን ከቅጽ 1 ጀምሪው።