እምቦጩን ሳትመዝኑ ድርጅት አትክፈቱ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እናንተን መሰል ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ስታርትአፕ ይዩልን» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ከፓምፕና ከሞተር ጋር ስታገል ነው የኖርኩት፤ ባሕር ዳር ላይ ስለ ታዳሽ ኃይል የሚያወራ ልጅ ሲበዛ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ብዙዎቹ የሚያሳዩኝ ያንኑ ነው። ከእምቦጭ ከሰል፣ ከእምቦጭ ባዮጋዝ፣ ከእምቦጭ ወረቀት።

ለምን እንደሚያጓጓ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲያስጨንቅ የኖረን አረም ማገዶ ማድረግ ለመድረክ የሚያምር ወሬ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ሚዛን ነው። እርጥብ እምቦጭ ከ90 እስከ 95 በመቶው ውሃ ነው። 10 ኩንታል ከሐይቁ ጎትታችሁ ብታደርቁት የሚቀራችሁ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። የጎተተው ሰው ግን የ10 ኩንታል ሒሳቡን ይጠይቃል። አይሱዙውም ውሃ ነው ብሎ ኪራይ አይቀንስላችሁም። ደግሞ አረሙ የበረታው በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ነፋስ ሲነሳ ዛሬ ያያችሁት ክምር ነገ ሌላ ዳርቻ ላይ ነው።

በዚያ ላይ ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም እንዲጠፋ የሚጸልይበትን ነገር ጥሬ ዕቃ ብሎ መበደር ያስፈራል። አረሙ ከጠፋ እናንተ ትከስራላችሁ፣ ካልጠፋ ሐይቁ ይከስራል። የማጽዳቱን ወጪ ሌላ አካል ከቻለላችሁ ሒሳቡ ይለወጣል። ያን ጊዜ ግን ሥራችሁ የጽዳት ኮንትራት ነው፤ ከሰሉ ምርቃት ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ይልቅ በጎንደር መንገድ ወረታ ድረስ ሂዱ። የፎገራ ሩዝ የሚፈተገው እዚያ ነው። ከ100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ እብቅ ነው። ደረቅ ነው። የሚለቅመው ሰው አያስፈልግም፤ መፈተጊያው ራሱ አንድ ቦታ ከምሮ ይጠብቃችኋል። ለአንድ ጀማሪ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ እኔ አላውቅም።

ጣጣ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሲነድ አንድ አምስተኛው ገደማ አመድ ሆኖ ይቀራል። አመዱ ደግሞ አብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ብረት ይበላል። እብቁን ጨምቆ ብሪኬት፣ ማለትም የታመቀ ማገዶ፣ የሚያደርገው ማሽን ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ዘንግ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ያለቀውን ዘንግ በብየዳ ሞልቶ፣ በቶርኖ አስተካክሎ የሚመልስላችሁን ሰው ፈልጉ። ስንት ቀን እንደሚወስድበትና ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁት። ይቺ ቁጥር ከስላይዳችሁ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ሌላም አለ። ዛሬ «ውሰዱልኝ» የሚላችሁ ባለ መፈተጊያ፣ ሁለት መኪና ስትጭኑ ካየ ዋጋ ይቆርጥበታል። ውሉን እብቁ ቆሻሻ ሆኖ ሳለ ተፈራረሙ።

ገዢያችሁን ደግሞ ጓዳ ግቡና እዩዋት። በአገራችን የቤት ማገዶ አብዛኛው የሚያልቀው እንጀራ ላይ ነው። የቤት ባዮጋዝ ወጡን ያበስላል፤ ለትልቅ ምጣድ የሚበቃ እሳት ማውጣት ግን አስቸግሮ ኖሯል። ጋዙ ገብቶላት እንጨቱንም ካልተወች ሴትየዋ ምን አተረፈች? «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ተመልከቱ። በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው ዕቃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግን ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በየከተማው ያሉ ትናንሽ አምራቾችም በቅርጽ ማውጫ እየሠሩ ይሸጡታል። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ አትናቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኬንያ ውስጥ ኤም-ኮፓ የተባለው ድርጅት የፀሐይ መብራትን በየቀኑ በሚከፈል ትንሽ ገንዘብ መሸጥ የቻለው፣ ሕዝቡ ቀድሞ በኤም-ፔሳ፣ በስልክ መክፈል ስለለመደ ነው። እኛም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለን። መክፈያው ተገኘ ማለት ግን የክፍያው ቀን ተገኘ ማለት አይደለም። የፎገራ ሽንኩርት ገበሬ በየቀኑ ገቢ የለውም። ብር የሚያየው ሽንኩርቱ ሲሸጥ ነው፤ ያውም ሁሉም በአንድ ሰሞን አውጥቶ ዋጋው ካልወደቀበት። የሶላር ፓምፕ በወር ክፍያ ከሸጣችሁለት ገና ሽንኩርቱ ሳይደርስ ዕዳ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ክፍያውን ከምርቱ ጋር አስተካክሉት።

ከመሸጥ ማከራየትም ይቻላል። ገበሬው የቤንዚን ፓምፕ መከራየትን ያውቃል። ፓኔሉን በጋሪ ጭናችሁ ከማሳ ማሳ ብትዞሩ፣ ሌሊት ይዛችሁት ስለምትገቡ የሌባውም ነገር ይቀላል። ክረምት ላይ ግን ፓምፑ ሥራ ይፈታል፤ ለእነዚያ ወራት ሌላ ገቢ አስቡ።

የኤሌክትሪክ ባጃጅም የሚያስቡ አሉ። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። እኔ የምለው አጭር ነው፤ ሥራው ባትሪው ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ኪጋሊ የተጀመረው አምፐርሳንድ የተባለ ድርጅት ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች ያለቀውን ባትሪ በሞላ ይቀይርላቸዋል፤ ነጂው ቆሞ አይጠብቅም፣ የባትሪውንም ዋጋ አንዴ አይሸከምም። እዚህ ከተማ ባጃጅ ላይ ይህን የሚሠራ ቡድን ካለ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ባጃጁን አስመጥቶ ሸጦ ዞር የሚል ግን ያው ነጋዴ ነው። ነውር የለውም፤ ስታርትአፕ አትበሉት እንጂ።

የራሳችሁን ሳትከፍቱ የሰው ድርጅት ውስጥ ልትቀጠሩ ያሰባችሁም አላችሁ። ለብዙዎቻችሁ ይህ ይሻላል። በቃለ መጠይቁ ቀን እናንተም አንድ ነገር ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ከገባው ብር ስንቱ ከደንበኛ ነው፣ ስንቱ ከውድድር ሽልማትና ከድጋፍ? «እስካሁን ድጋፍ ብቻ ነው» ቢሏችሁም መግባት ይቻላል። ደሞዛችሁ እስከ የትኛው ወር እንደተሸፈነ ግን በስም ጠርተው ይንገሯችሁ።