መልስ፦ የጉባኤ ስላይድ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ

ሰላም ወንድሜ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ላይ የሰማኸውን ገለጻ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ብትለጥፍ ነውር ይሆን ወይ ብለሃል። መለጠፉ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ነው።

ዋናው ጉዳይ ገና ያልታተመ ውጤት ነው። አንዱ በጣና እምቦጭ ወይም በጎጃም አሲዳማ አፈር ላይ ለዓመታት የለፋበትን ግራፍ አንተ በአንድ ደቂቃ ትበትነዋለህ። ሌላ ተመራማሪ ውጤቱን ወስዶ በማሳተም ሊቀድመው ይችላል። ፈጠራ ከሆነማ ይብሳል፤ በአውሮፓ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሕግ ከማመልከቻው በፊት ይፋ የወጣ ነገር አዲስነቱን ያጣል። ስለዚህ በሻይ ሰዓት ወደ አቅራቢው ጠጋ ብለህ "ይህችን ስላይድ ልለጥፋት?" በለው። የእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደዋል። "እስቲ እናያለን" ካለህ እንቢ ማለቱ ነው፣ ተወው።

ጉባኤው የራሱ ደንብ ካለው እሱ ይቀድማል። ሳይንቲስቶች ገና ያልታተመ ውጤት የሚወያዩባቸው ዓለም አቀፍ የጎርደን የምርምር ጉባኤዎች ለምሳሌ ስላይድም ፖስተርም ፎቶ ማንሳት ይከለክላሉ።

ስትለጥፍ የአቅራቢውን ስምና ተቋም ጻፍ። የእሱን ቃል ከራስህ አስተያየት ለይ። ትችት ካለህ በጥያቄ ሰዓት እጅህን አውጣ፤ እዚያ ዝም ብሎ ማታ ቴሌግራም ላይ መዘርጠጥ ሐሜት ነው። ያንቀላፉ ፕሮፌሰሮችን ፎቶማ በጭራሽ!