ትራኩ የማን ነው?

ስለ ሊዝ ፐርቸስ፣ ማለትም ትራክን በየሳምንቱ እየከፈሉ መጨረሻ ላይ የራስ ስለማድረግ ውል፣ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱን መርጬ አውጥቻለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ብሏል፤ ጉዳዩ እኔንም ስላቃጠለኝ ነውና ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው የምኖረው። ለካምፓኒ በደብሊው ቱ፣ በተቀጣሪነት፣ እነዳለሁ። ታክስ ተቆርጦ በሳምንት 1,150 ዶላር አካባቢ ይደርሰኛል። አሁን ካምፓኒው «ለምን የራስህ ትራክ አይኖርህም?» እያለኝ ነው። ትራኩ ሁለት ዓመት የሠራ ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ ክሬዲትም አያዩም። በሳምንት 950 ዶላር ለሦስት ዓመት እከፍላለሁ፣ መጨረሻ ላይ 20,000 ስጨምር የራሴ ይሆናል። ካልተመቸኝ በፈለግኩበት ቀን ቁልፉን መልሼ መሄድ እችላለሁ ብለውኛል። ባለቤቴ በፍጹም አይሆንም ትላለች። ጓደኞቼ ግማሹ «ግባበት»፣ ግማሹ «እሳት ነው» ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ባለቤትህን አመስግንልኝ።

አሁን ካልኩሌተርህን አውጣ። ሦስት ዓመት 156 ሳምንት ነው። በ950 ሲባዛ 148,200 ይሆናል። ሃያ ሺውን ስትጨምር 168,200 ዶላር። ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ ያንኑ ዓመት፣ ተመሳሳይ ማይል ያለው ካስኬዲያ ሻጮች ጋ ስንት እንደሚባል ፈልግ። ልዩነቱ «ክሬዲት አንጠይቅም» የምትለዋ ቃል ዋጋ ናት።

እኔ ግን ብዙ ጸቤ ከዋጋው ጋር አይደለም። አዲስ መጤ ሆነህ ክሬዲት ሳይኖርህ የምትገዛው ነገር ሁሉ ውድ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ኮሮላዬን በስንት ወለድ እንደገዛሁ ብነግርህ ትስቃለህ። ጸቤ ከሌላ ነገር ጋር ነው። ሎድ፣ ማለትም የምትጭነውን ዕቃ፣ የሚሰጥህም፣ የትራኩን ክፍያ የሚቆርጥብህም አንድ ሰው ነው። ባንክ የመኪና ብድር ቢሰጥህ ሥራህን አይሰጥህም። አለቃህ ሥራ ቢሰጥህ መኪናህን አይወስድብህም። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ እጅ ናቸው።

እኔ የገባሁት ኦክቶበር 2017 ላይ ነው። ሰማያዊ ቮልቮ፣ በሳምንት 785 ዶላር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነቱን ለመናገር ደስ ይሉ ነበር። 1,400 እና 1,600 ይዤ የገባሁበት ሳምንት አለ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ባለ ትራኩ» ይሉኝ ጀመር፤ አልጠላሁትም።

ኖቬምበር ላይ የአልጋውን ፍራሽ ልቀይር ሳነሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ሴትልመንት ነው። ከእኔ በፊት ያንኑ ትራክ የያዘ ሰው የሳምንት ሂሳብ፣ የማርች 2016። የትራክ ቁጥሩ ያው። ከላይ «ሳምንት 31» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። የትራክ ክፍያ የሚለውን መስመር አየሁት፤ 785 ዶላር። ትራኩ አንድ ዓመት ከምናምን አርጅቶ ወደ እኔ ሲመጣ ክፍያው አንድ ዶላር አልቀነሰም። ሰውዬውም ትራኩን አልወሰደውም። ወስዶት ቢሆን እኔ ጋ ምን ሊሠራ መጣ? ያን ቀን መንቃት ነበረብኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ ሎዴን ይዤ ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 2018። አይ ኤይቲ የሚባለው አውራ ጎዳና ዋዮሚንግ ላይ ከላራሚ እስከ ሮውሊንስ በነፋስና በበረዶ ተዘጋ። እዚያ የነዳ ያውቀዋል፤ ባዶ ትሬለር ይዘህ ከሆነ ነፋሱ ያጋድምሃል። ሁለት ቀን ተኩል ቆምኩ። በዚያ ሳምንት የነዳሁት 904 ማይል ነው። ሴትልመንቱ እስካሁን አለኝ። ገቢ 1,363። ከዚያ ትራክ 785፣ ነዳጅ 438፣ ኢንሹራንስ 99፣ በማይል 8 ሳንቲም የጥገና ተቀማጭ 72፣ ኤስክሮ (ካምፓኒው የሚይዝብኝ መያዣ) 100፣ ታርጋና የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያው ኢኤልዲ 46። ታች፣ ጥጉ ላይ፦ ነጌቲቭ 177 ዶላር። አምስት ቀን ከቤት ርቄ፣ መኪና ውስጥ ተኝቼ፣ ባለ ዕዳ ሆንኩ። ለቀጣዩ ሳምንት ተላለፈ።

ደብሊው ቱ ብሆን ኖሮ ያ ሳምንት ትንሽ ይከፈለኝ ነበር፣ ግን ከዜሮ በታች አልወርድም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሜይ ላይ የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ። ዲፒኤፍ ነው፣ ከሴንሰሮቹ ጋር 4,300 ዶላር። ከጥገና ተቀማጬ ጎማና ሰርቪስ ሲበሉት 1,900 ቀርቶ ነበር። ቀሪውን «እናበድርሃለን» አሉና በየሳምንቱ 150 መቁረጥ ጀመሩ። ሎድ የሚመድበውን ዲስፓቸር ጨምርልኝ ስለው «ገበያው ቀዝቅዟል» ይለኛል። አንድ ርካሽ ሎድ እምቢ ካልኩ በኋላማ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ስልክ አያነሳም። ማስረጃ የለኝም፣ ግን ሾፌር ሆነህ ይህን ታውቀዋለህ።

በ47ኛው ሳምንት ቁልፉን መለስኩ። ለትራኩ ብቻ 36,895 ዶላር ከፍዬ ነበር። ኤስክሮዬን ጽዳት፣ ጎማና የቀረ ዕዳ እያሉ በሉት። ቢሮ የነበረችው ልጅ ፈርም አለችኝ፣ ፈረምኩ። ስወጣ ጠራችኝ። እስክሪብቶዋን ይዤባት ሄጄ ነው።

«በፈለግክበት ቀን ቁልፉን መልሰህ ትሄዳለህ» ያሉህ ይህንን ነው። መሄድስ ትሄዳለህ፤ ምን ይዘህ እንደምትሄድ ነው ያልነገሩህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ እንዳይመስልህ። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የሚባል ሾፌር ኒው ፕራይም የተባለውን ትልቅ ካምፓኒ ከስሶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኦሊቬራም በሊዝ የሚነዳ «ኮንትራክተር» ነበር። ክሱ ተቆራጩ ሲቀነስ የሚደርሰኝ ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች ነው የሚል ነው። ካምፓኒው «ውል ስለፈረመ ፍርድ ቤት መሄድ አይችልም፣ በሽምግልና ይታይ» አለ። ጃንዋሪ 2019 ላይ ዳኞቹ ያለ ተቃውሞ ለሾፌሩ ፈረዱ። ኋላ ጉዳዩ በ28 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ የሊዝ ውሎችን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር። ጃንዋሪ 2025 ላይ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ኮንግረስ ይህን ዓይነቱን ውል እንዲያግድ ነው የጠየቀው።

ታዲያ ማንም አልተጠቀመበትም ወይ? ተጠቅሟል፤ እዋሻለሁ እንዴ። አንድ ጓደኛዬ ጨርሶ ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ በእጁ ይዟል። ግን እንዴት እንደሆነ ስማ። የገባው በ2021 ነው፤ ያኔ ሎድ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ከወንድሙ ጋር ቲም ሆነው ነበር የሚነዱት፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነዳል፣ በሳምንት 5,000 ማይል። ክፍያው 5,000 ማይል ብትነዳም 900 ብትነዳም ያው ነው። እነሱ በአንድ ማይል ሳንቲሞች ነው የሚወጣባቸው። እኔ በዚያ ነፋስ ሳምንት 87 ሳንቲም ወጥቶብኛል። የትራኩ የጥገና ዋስትናም ገና አላለቀም ነበር። ከሁሉም በላይ ውሉ ከትራክ ሻጭ ጋር እንጂ ሎድ ከሚሰጣቸው ካምፓኒ ጋር አልነበረም። ሎድ ሲቀንስባቸው ትራኩን ይዘው ሌላ ካምፓኒ ገቡ።

ስለዚህ ውሉን ወደ ቤት ይዘህ ግባና አንብበው። «እዚሁ ፈርም» ካሉህ ተነስና ውጣ። ካምፓኒውን ብለቅ ትራኩን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? ሎድ እምቢ ብልስ? ትራኩ ጋራዥ ሲገባ ክፍያው ይቆማል? የጥገና ተቀማጩ ስወጣ ይመለሳል? ታይትሉ በማን ስም ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልህ። ካምፓኒው ራሱ ትራኩን በብድር ይዞት ከሆነና ከከሰረ፣ አበዳሪው መጥቶ ይወስደዋል። አንተ የከፈልከውን አያውቅልህም። አንድ የእኔ ጥያቄም ጨምር፦ «ከእኔ በፊት ይህን ትራክ ስንት ሰው በሊዝ ይዞታል?» ፊታቸውን እያየህ ጠይቅ።

ታክሱንም አትርሳ። በሊዝ ገብተህ ቴን ናይንቲ ናይን፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆን ኮንትራክተር፣ ስትሆን ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር አሠሪህ ይከፍል የነበረው ግማሽ ወደ አንተ ይዞራል፤ በጠቅላላው 15.3 በመቶ ከትርፍህ ላይ። ኢንካም ታክሱ ለብቻው ነው። በየሩብ ዓመቱ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ 15 ላይ ትከፍላለህ። በጎ ጎኑ ነዳጅ፣ የሊዝ ክፍያ፣ ጥገና ሁሉ ይቀነሳል። ከቤት ውጭ ለምታድርበት ቀን ምግብም 80 ዶላር ሂሳብ ተደርጎ 80 በመቶው ይቀነስልሃል። ሆኖም ደረሰኝ በጓንት ማስቀመጫው ውስጥ የሚያጉር ሰው ከሆንክ ይህ ሕይወት ያንገላታሃል።

እኔ ብሆን ደብሊው ቱ ላይ አንድ ዓመት እጨምር ነበር። በየሳምንቱ 300 ዶላር ለብቻ አስቀምጥ፣ ለትራክ ጥገና የምትከፍል አስመስለህ። ካቃተህ ሊዙም ያቅትሃል፤ በነጻ ተማርክ ማለት ነው። ከቻልክ በዓመት 15,600 አለህ። እኔ በ2019 ሁለተኛውን ትራክ የገዛሁት በዕቁብ ነው። 25 ሰው፣ በወር ሺህ ዶላር፣ አራተኛ ዕጣ ወጣልኝ። ዕቁብም ዕዳ ነው፣ ሃያ አንድ ወር ከፍዬበታለሁ። ግን የዕቁቡ ዳኛ ሎዴን አይመድብልኝም።

ጥያቄ፦ እኔ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነኝ። የሦስት ዓመት ሊዝ ላይ 26 ወር ጨርሻለሁ። የቀረኝ 43 ሳምንት በ700 ዶላር፣ መጨረሻ ላይ 8,000። ትራኩ 480,000 ማይል ሄዷል። ሻጭ ጋ ወስጄው 52,000 ያወጣል ብለውኛል። በጣም ደክሞኛል። ልተወው ወይስ ልጨርስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስካሁን የከፈልከውን እርሳው። ያ ገንዘብ ብትጨርስም ብትተውም አይመለስም። የምትመዝነው ከዛሬ ወዲያ ያለውን ነው። የቀረህ 30,100 ነው፣ ስምንት ሺው ሲጨመር 38,100። ሻጩ ያለህ እውነት ከሆነ ከዕዳህ በላይ የሚያወጣ ትራክ ይዘሃል። አሁን ብትለቀው ያንን ትርፍ ለካምፓኒው ስጦታ ሰጠህ ማለት ነው።

ግን ከመወሰንህ በፊት የካምፓኒው ወዳጅ ላልሆነ መካኒክ አሳየው። ኮምፒውተሩን ያንብብ፣ የሞተር ዘይቱን ላብራቶሪ ይላክ። የሞተሩ ኢንጀክተር ወይም ቱርቦ ሊበላሽ ነው ካለህ ሂሳቡ ይገለበጣል። ጤነኛ ነው ካለህ ደግሞ ካምፓኒውን «ዛሬ ልጨርስ ብል ስንት ነው?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል አይሁን። ያንን ወረቀት ይዘህ ክሬዲት ዩኒየን ሂድ፤ ብድር ከሰጡህ የቀረውን ከፍለህ ትገላገላለህ። ከዚያ በኋላ ዕዳህ ሌላ፣ ሎድህ ሌላ ነው። ደክሞኛል ያልከውም ምናልባት ሎድ መምረጥ ስትችል ይቀልልህ ይሆናል፤ እኔ ቀሎኛል።

ጥያቄ፦ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ የሊዝ ትራኩን መልሶ ከወጣ ሦስት ወር አለፈው። 2,500 ዶላር ኤስክሮ ነበረው። ስንደውል «እየታየ ነው» ይላሉ። እሱ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፣ እኔ ግን አልተውኩም። መብት አለን?

መልስ፦ አላችሁ እህቴ። የፌዴራል የሊዝ ደንብ አለ፣ ክፍል 376 ይባላል። ውሉ ካበቃ በኋላ ኤስክሮ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ተቆራጭ ካለም በዝርዝር መጻፍ አለባቸው፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ማለፍ የለም። በእጃቸው በነበረበት ጊዜ ወለድም ሊከፍሉበት ይገባል።

ስልኩን ተዪው። ደብዳቤ ጻፉ፣ ፊርማ ተቀብሎ በሚያደርስ ፖስታ ላኩ። ትራኩ የተመለሰበትን ቀን፣ የኤስክሮውን መጠን፣ ክፍል 376ን ጥቀሱና ቀን ቁረጡላቸው። መልስ ካልመጣ ለፌዴራሉ የጭነት መኪና ተቆጣጣሪ፣ ኤፍኤምሲኤስኤ ለሚባለው፣ በድረ ገጹ አቤቱታ አስገቡ። ገንዘቡ ለትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤትም የሚበቃ ነው፤ እዚያ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ውሉ ላይ ግን የት ከተማ ክሰሱ እንደሚል አስቀድመሽ እዪ።

ባለቤትሽ ትራኩን ሲመልስ ፎቶ አንስቶ ከሆነ ስልኩ ውስጥ ፈልጊ፤ ጎማው፣ ውስጡ፣ የማይል ቁጥሩ። ደብዳቤውን አብረን እንጻፈው ካልሽኝ የመጨረሻውን ሴትልመንት ላኪልኝ። ሁለቱንም ገጽ፣ ተቆራጮቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ናቸው።