የተቆለፈ ካርድ ይከፈታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በፎቶ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» እያለ ፎቶ ማንሣት ሲከለክል ምን ማድረግ እንደሚገባ ለአዳዲስ ሠራተኞች መመሪያ እየጻፍኩ ነው። እኔ «ካርዱ ተቆልፏል፤ ክፈቱት» ብዬ ጻፍኩ፤ ባልደረባዬ ደግሞ «ካርዱ አልከፈት ሲል» ብትለው ይሻላል አለችኝ። የትኛው ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለቱም አነጋገሮች ከአማርኛ ሰዋስው ጋር አይጣሉም፤ የሚያመለክቱት ብልሽት ግን ለየቅል ነው። የባልደረባዎ «አልከፈት አለ» ዕቃው ራሱ እምቢታውን የተናገረ የሚያስመስል፣ በዕለት ንግግራችን የሠረጸ አባባል ሲሆን፣ ለሚሞሪ ካርድ ስንናገረው በውስጡ ያለው ፎቶ አልታይ ማለቱን ይገልጻል። የተቆለፈ ኤስዲ ካርድ (ካሜራው ፎቶ የሚያስቀምጥበት የተለመደው ሚሞሪ ካርድ) ግን ይከፈታል፤ ፎቶዎቹ ይታያሉ፣ ወደ ኮምፒውተርም ይገለበጣሉ። የተከለከለው አዲስ ፎቶ ማስገባት፣ የቆየውን መሰረዝና ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ካርዱን እንዳለ ባዶ ማድረግ ነው። ስለዚህ የሕዝቡን አነጋገር መከተል ከፈለጉ «ካርዱ ፎቶ አልቀበል ሲል» ቢሉ ከነገሩ ጋር ይስማማል።

የእርስዎም «ክፈቱት» በዚሁ ምክንያት ያሳስታል። በር ሲቆለፍ መግባት ስለሚከለከል የመቆለፍ ተቃራኒ መክፈት ነው፤ ካርድን መክፈት ግን በኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሠራተኛ ፎቶዎቹን ማየት ማለት ነውና፣ ከፍቶ አይቶ «ተከፍቷል» ሊልዎ ይችላል። «ቁልፉን ግፉ» ማለትም አይበጅም፤ ቁልፍ የመክፈቻውም፣ የሸሚዙም፣ በካሜራው ላይ የሚጫኑት ሁሉ ስም ነው። በካርዱ ጠርዝ ያለችውን ተንሸራታች ትንሽ ፕላስቲክ «መቆለፊያ» ብለው እንዲህ ይጻፉ፦ «ጽሑፉ ያለበትን ገጽ ወደ እናንተ፣ የብረት መገናኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ፤ በግራ ጠርዝ ያለውን መቆለፊያ ወደ ላይ ግፉ።» ማይክሮ ኤስዲ የሚባለው ትንሹ ካርድ መቆለፊያ የለውም፤ ያለው በኤስዲ ካርድ ልክ በተሠራው ማቀፊያው (አዳፕተር) ላይ ነው።

መቆለፊያው ወደ ላይ ተገፍቶም ካሜራው ተቆልፏል ማለቱን ካልተወ፣ ከዚያ ወዲያ እርስዎ «ተቆልፏል» ብለው ባይመሰክሩ እመርጣለሁ። መቆለፊያው ከካርዱ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ጋር ስለማይገናኝ ካርዱ ራሱ መቆለፉን አያውቅም፤ የመቆለፊያውን አቀማመጥ የሚለየው በካሜራው ወይም በካርድ ማንበቢያው ማስገቢያ ውስጥ ያለ መለያ ነው። በመሆኑም መቆለፊያው ላልቶ ካርዱ ሲገባ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ፣ ተሰብሮ ከወደቀ፣ ወይም የማስገቢያው መለያ ከተበላሸ ያልተቆለፈው ካርድ እንደተቆለፈ ይቆጠራል። እዚህ ላይ «ካሜራው ካርዱ ተቆልፏል ይላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቃሉን ለተናጋሪው ስለሚተው ለጥርጣሬም ቦታ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ሌላ ካርድ አስገብቶ እንዲሞክር መንገድ ይከፍታል። ሌላውም ካርድ ተቆልፏል ከተባለ የሚጠረጠረው ማስገቢያው ነው፤ ካልተባለ ግን የመጀመሪያው ካርድ ነው።

«ተቆልፏል» ወይስ «ተቆልፎአል» ብለው ባይጠይቁኝም፣ ሁለቱም የተለመዱ ናቸውና አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑበት።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የምፈራው «አጽዱ» የሚለውን ቃል ነው። «ካርዱን አጽዱ» ቢሉ አንዱ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ሌላው መቆለፊያውን ገፍቶ ፎርማት ያደርግና የደንበኛውን የሠርግ ፎቶ ያጠፋል። ለአቧራው «ጥረጉ» ይበሉ፤ ፎርማት የሚለውን ደግሞ በራሱ ስም ጠርተው «ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጡ በኋላ ብቻ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ይጻፉት።