የ1965 ሙስታንግ የኋላ ማርሽ መብራት ከሌለው ጎድሎበት ነው?

ጠያቂያችን፣ የገዙት የ1965 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፎርድ ሙስታንግ የኋላ ማርሽ መብራት ስለሌለው ተፈትቶ ተወስዷል ብለው አይደምድሙ። በዚያ ሞዴል ይህ መብራት ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገጠም ነበር፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ያለ እሱ ወጥተዋል። የጎን መብራት ጭራሽ አልነበረም። የጎን መብራት ወይም አንጸባራቂ እንዲኖር ያስገደደው የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 108 በሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1968 ጀምሮ ስለሆነ፣ ጎኑ ላይ መብራት ያለው የ65 ሙስታንግ ካዩ፣ መብራቱ ዘግይቶ የተጨመረ ነው።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ይህን አይነግርዎትም፤ ቀለም፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል እንጂ መብራት አይመዘግብም። ከኋላ ፓራውልት ሥር ያለውን ላሜራ ከውስጥ በኩል ይዩት። የፋብሪካ ቀዳዳ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ላሜራው ግን ሊቀየር ስለሚችል፣ ካምቢዮው ላይ የኋላ ማርሽ ሲገባ መብራቱን የሚያበራው ስዊችና ሽቦው መኖራቸውንም ያረጋግጡ።

መግጠም ከፈለጉ ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚወስዱ አስቀድመው ይወስኑ። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር ወስደው በ10 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ በስዊቹ አሳልፈው ወደ መብራቶቹ ይውሰዱት፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። 1156 የሚባለው አምፖል እያንዳንዱ 2.1 አምፔር ይስባል፣ ሁለቱ 4.2። በቀጥታ ከባትሪ ካገናኙትና ማንዋል ካምቢዮ ያለውን መኪና በኋላ ማርሽ ካቆሙት፣ 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ12 ሰዓታት ገደማ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ከፊት መብራት ስዊች ፈጽሞ አይቀጥሉ። ውስጡ ያለው መከላከያ ጭነት ሲበዛበት ግሎ ይቆርጣል፤ በጨለማ እየነዱ የፊት መብራቱ ይጠፋብዎታል።

አዲስ የተቀባ መኪና ላይ መብራቱ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት) ቀለም ላይ ስላረፈ ነው። መብራቱን አብርተው የቴስተሩን አንድ ጫፍ በመብራቱ ቤት፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ቀለሙን ፍቀው ያጥብቁ፣ ወይም ለብቻው የማሳ ሽቦ ይሳቡለት።

ካምቢዮዎ አውቶማቲክ ከሆነ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ መኪናው በፓርክና በኒውትራል ብቻ እንዲነሣ የሚያደርገውም ያው ስዊች ነው። መብራቱ እንዲበራ ብለው ሲያስተካክሉት ቦታውን ከሳተ፣ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ እያለ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ፍሬን በደንብ ረግጠው፣ ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አለመኖሩን አይተው በእያንዳንዱ ማርሽ ለማስነሣት ይሞክሩ።